እናቴ ጀርባ ላይ የቀረው ክብደት

ልጄ ዮፍታሔ በኅዳር ወር ሞተ። ክብደቱ ግን አብሮት አልተቀበረም፤ እናቴ ጀርባ ላይ ቀረ።

ይህን ያወቅነው በሠልስቱ ዕለት ነው። እናቴ ወይዘሮ ላቀች ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠችበት በርጩማ ልትነሳ ሞከረች፤ አቃታት። ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው ሳቧት። አልተነሳችም። «ሐዘን ጉልበት ይሰብራል» አሉ። እኔ ከኋላዋ ዞሬ በሁለት እጄ ከፍ አደረግኳት። ያን ጊዜ ክብደቱን አወቅኩት። በሁለቱ ትከሻዎቿ መሃል ነበር፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ። ዮፍታሔ ሲታዘል ወደ ግራ ነበር የሚያዘነብለው። በግራ ትከሻዋ በኩል መንገዱን ማየት ይወድ ነበር።

«እማ፣ ይሄ እሱ አይደለም?» አልኳት።

«ቀስ በል። ተኝቷል» አለች።

ሚስቴ ሀረገወይን እዚህ ኮምቦልቻ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። እኔ የብረት በርና መስኮት እበይዳለሁ። ልጁን ያሳደገችው እናቴ ናት፤ ያሳደገችውም በጀርባዋ ነው። ሁለት ዓመት አልፎት፣ መሄድ እየቻለ፣ ከእሷ ጀርባ አይወርድም ነበር። ታዲያ ክብደቱ ሌላ የት ይሄዳል? ይህ ለእኔ በቂ ምክንያት ነበር። ለሌላው ሰው ግን አልበቃም።

ጥር ሲገባ የእናቴ እግር አበጠ። ከአልጋ እስከ ደጅ ስትሄድ ሁለት ጊዜ ትቆማለች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የተቀበለችን ሲስተር ዘርፌ የምትባል ነርስ ናት። ሚዛን ላይ አቆመቻት፣ የደም ግፊቷን ለካች፣ ከዚያ ጠየቀቻት።

«ዕድሜዎ ስንት ነው እማማ?»

«ስልሳ ስድስት።»

«በአጭር ጊዜ ብዙ ጨምረዋል። ምን ይበላሉ?»

«ምን እበላለሁ ልጄ። እህል ከጠላኝ ቆየ።»

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለኝ» አለች ሲስተር ዘርፌ። ማዳመጫዋን ይዛ ወደ እናቴ ኋላ ዞረች። ጀርባዋ ላይ አሳርፋ ቆየች። ቦታ ቀየረች። እንደገና ቆየች። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች።

«ሁለት ነው የሚመታው» አለች። «የላይኛው የማን ነው?»

«የልጅ ልጄ ነው።»

«አብሯችሁ አለ?»

«ኅዳር ላይ ቀበርነው።»

ሲስተር ዘርፌ ራሷን ነቀነቀች። እጇን ታጠበች። «እግዜር ያጽናችሁ» አለች። «ግን እማማ፣ ክብደት ክብደት ነው። ልብ የተሸከመው የማን እንደሆነ አይጠይቅም።»

ተናደድኩ። «ታዲያ ልጁን ወርውሪው ነው የምትያት?» አልኳት።

«እንደሱ አልወጣኝም» አለች። ከዚያ እናቴ እንዳትሰማ ወደ በሩ ይዛኝ ሄደች። «ልቧ ሰፍቷል። ጉልበቷም እያለቀ ነው። ይሄን እንደተሸከመች ክረምትን አታይም። እኔ የማውቀው ይሄን ነው።»

ማድረግ ያለብንን ነገረችኝ። ዘይትና ጨው ይቀነስ። ሻይ ያለ ስኳር ይሁን። ከሳህኑ ግማሹ አትክልት ይሁን። ምስር፣ ባቄላ ወይ እንቁላል አንድም ቀን እንዳይቀር። ጠዋት ጠዋት በእግሯ ትሂድ፣ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ እየጨመረች። «ደግሞ እንዳትራብ» አለችኝ። «በዚህ ዕድሜ ሰው ሲራብ መጀመሪያ የሚሄደው የራሱ ጡንቻ ነው።» ይህን እኔ እንጂ እናቴ አልሰማችውም። መናገር ነበረብኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ዕድርተኞች በር ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

እኛ ሰፈር ደህና ሰው ሲያገኙ «ወፈርክ» ይሉታል፤ ምርቃት ነው። ሐዘንተኛ ግን መክሳት አለበት። ፊቱ መጥቆር፣ አንገቱ መቅጠን አለበት። እናቴ አንገቷ አልቀጠነም። ጀርባዋ ሞልቶ፣ ነጠላዋ ተወጥሮ፣ ከሩቅ ለሚያያት ሰፊ ሴት ሆናለች። ወሬው ከእኛ በፊት ገበያ ደርሶ ተመልሷል።

የመጡት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ይመርና የሴቶቹ ተጠሪ ወይዘሮ አስካለች ናቸው። ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው።

«ላቀች፣ ነገር ላሳጥር» አሉ ጋሽ ይመር። «ሰው እያወራ ነው።»

«ምን ይላል?»

«ተመችቷታል ይላል።»

«ልጅ ቀብሮ መወፈር!» አሉ ወይዘሮ አስካለች። «ኧረ ነውር ነው። እኔ ወንድሜ የሞተ ጊዜ ቀሚሴ ከወገቤ ላይ ነበር የሚወርደው።»

«ያበላችኋት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» አልኩ። «ድስት በድስት ላይ እየደረደራችሁ፣ ቅመሺ፣ በሞቴ፣ ለሟቹ ስትዪ እያላችሁ?»

«ዕዝን ይቀመሳል እንጂ ይጠገባል?» አሉ ወይዘሮ አስካለች።

ይህን ሲሉ ዓይኔን እያዩ ነው። በዚያ ድንኳን ውስጥ እናቴ እጇን ስትሰበስብ እጇን ይዘው ያጎረሷት እሳቸው ናቸው። እያጎረሱ ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው።

«እትዬ አስካለች፣ ይንኩት» አልኩ። «ጀርባዋን ይንኩት።»

ተነሱና መዳፋቸውን የእናቴ ጀርባ ላይ አሳረፉ። መዳፋቸው እዚያው ቆየ።

«ይሞቃል» አሉ።

ከዚያ እጃቸውን አንስተው በነጠላቸው ጠረጉት። «ያም ሆኖ» አሉ እየተቀመጡ፣ «ከሩቅ የሚያይ ሰው የሚያየው ውፍረት ነው።»

ጋሽ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስክትቀንስ ድረስ ለቅሶ ባትደርስ ይሻላል ብለናል። ሐዘንተኛ ይቀየማል።»

በሰፈራችን እናቴ ያላለቀሰችለት ሬሳ የለም። የጋሽ ይመርን ሚስት ገንዛ ያወጣች እሷ ናት። ሲወጡ እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ቆመች፣ ትንፋሽ አጠራት። እነሱ የቆመችው ለአክብሮት መሰላቸው፤ እጅ ነሷት።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ እናቴ ጾመች። የጾሙ ወቅት አልነበረም፤ ግን ጾመች። እስከ ማታ ውሃ እንኳ አትቀምስም። ማታም የእጇን ጫፍ ታህል ትቆርሳለች። የንስሐ አባቷ መጥተው «ላቀች፣ የታመመ አይጾምም፤ ይበቃሻል» አሏት። «እሺ አባቴ» አለች፤ ጾመች።

ሲስተር ዘርፌ ያለችው ሆነ። መጀመሪያ የሄደው የራሷ ሥጋ ነው። ክንዷ ሰለለ። ጉንጯ ወደ ውስጥ ገባ። ቀለበቷ ሊጥ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ጀርባዋ ላይ ያለው ግን አልተነካም። ቀጭን ሴት ሆና ወፍራም ጀርባ ተሸከመች። ግድግዳ ሳትይዝ መሄድ አቃታት።

«ለአስካለች ብለሽ ነው የምትሞቺው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ለአስካለች አይደለም። ለቅሶ መድረስ አለብኝ።»

«እየተራብሽ ያለሽው አንቺ ነሽ። እሱ እንዳለ ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ፈገግ አለች። «እሱማ ድሮም አንድ ጉርሻ አያሳልፍ» አለች።

ሀረገወይን ይህን ከመኝታ ቤት ሆና ትሰማ ነበር። ከፈረቃ ስትመለስ ከእኛ ጋር አትቀመጥም። ልጁ ከሞተ ጀምሮ ከእናቴ ጋር የሚነጋገሩት ስለ ከሰልና ስለ ውሃ ብቻ ነው። ያን ዕለት ግን ወጣች። ማዘያውን በእጇ ይዛለች።

«እትዬ፣ እኔ ልዘለው» አለች።

«ተኝቷል ልጄ።»

«ከሞተ ጀምሮ ተኝቷል ይሉኛል። የሚነቃው መቼ ነው? እናቱ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ለምንድን ነው እርስዎ ጋ የቀረው?»

እናቴ አልተቆጣችም። ጎንበስ አለች። ሀረገወይን ጀርባዋን ወደ እናቴ ጀርባ አስጠግታ ቆመች፣ እኔ ማዘያውን በሁለቱ መሃል አዞርኩ፣ እንደ ጆንያ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ልናሳልፈው ሞከርን። አልተላለፈም። ሀረገወይን ቀና ስትል ማዘያው ባዶውን ወገቧ ላይ ወደቀ።

«እሱ ራሱ ካልወረደ አይሆንም» አለች እናቴ። «የተኛ ልጅ አይቀባበሉትም።»

ሀረገወይን ማዘያውን መሬት ላይ ወርውራ ገባች። በማግስቱ አንድ ድስት ገንፎ ከነቅቤው ብቻዋን በላች። በሳምንቱ ቀሚሷ ጠበባት። ጀርባዋን እንድነካው ጠየቀችኝ፤ ነካሁት። የራሷ ሥጋ ነበር። ነገርኳት። ገንፎውን ተወች።

ስለዚህ ነገሩን እኔ ያዝኩት። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ምድጃው ላይ ቆምኩ። ጎመን ቀቀልኩ፣ ቀይ ሥር ቀቀልኩ፣ ምስር በጠብታ ዘይት ሠራሁ። ሳህኑን ፊቷ አስቀመጥኩ።

«ይሄ ምንድን ነው? ለፍየል ነው?» አለች።

«ሲስተር ናት ያዘዘችው።»

«ሲስተር ትብላዋ።»

«እማ፣ ብዪ። ካልበላሽ መሄድ አትችዪም። መሄድ ካልቻልሽ ደግሞ ትሞቺያለሽ።»

በላች። ሻዩን ቀምሳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። «ይሄ ሻይ አይደለም፣ የብርጭቆ እጣቢ ነው» አለች። ጠጣችው። በየቀኑ እየሰደበች በላች። ክንዷ ሥጋ መያዝ ጀመረ።

ሸራ ጫማ ገዛሁላት። ጠዋት በቦርከና ዳር ባለው የአፈር መንገድ መሄድ ጀመርን። በጋ ስለሆነ መንገዱ ዱቄት የመሰለ አቧራ ነው። ቀሚስ ለብሳ፣ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ትሄዳለች፤ እኔ ክንዷን ይዤ። ባጃጅ የሚቆምበት ጋ ስንደርስ ሾፌሮቹ ይነሳሉ።

«እማማ፣ ለማራቶን ነው?»

«አዎ። አባትህን ላሯሩጠው ነው።»

«አይ እማማ! አባቴማ ሞቷል!»

«ታዲያ ስላሯሯጥኩት ነዋ» ትላለች፤ ሳትቆም ታልፋለች።

እኔ አልስቅም ነበር። አንድ አሮጊት ለመኖር ብላ ስትሄድ ምኑ ያስቃል? ስትተኛ ለምን ተኛች፣ ስትነሳ ለምን ተነሳች፣ ስትወፍር ለምን፣ ስትሄድ ለምን። በዚህ አገር አሮጌ ሰው የሚፈቀድለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥግ ይዞ መቀመጥ። ከጥጉ ሲነሳ ሁሉም ይናገራል።

የካቲት አጋማሽ ላይ ዱካውን አየሁ። ከባጃጆቹ አልፈን፣ ባህር ዛፉ ጋ ደርሰን፣ እናቴ ድንገት ቀና አለች። ወገቧን ያዘች። «ቀለለኝ» አለች። ወደ ኋላ ዞርኩ። አቧራው ላይ የእሷ የሸራ ጫማ ዱካ አለ፣ የእኔ ዱካ አለ። በመሃላቸው ትንሽ የባዶ እግር ዱካ አለ። ተረከዝ፣ አምስት ጣት። የግራው እግር ወደ ውስጥ ይዞራል። ጥቂት እርምጃ ሄዶ ያበቃል። ባበቃበት ቦታ እናቴ «እህ!» ብላ እንደገና ጎበጠች።

«ወርዶ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ። ደከመው። ተመልሶ ወጣ።»

በማግስቱ ትንሽ ራቀ። በሳምንቱ እስከ ድልድዩ ድረስ ሄደ። እናቴ ስትበላና ስትበረታ ረዥም መንገድ ትሄዳለች፤ ረዥም መንገድ ስትሄድ እሱ እየወረደ ይሄዳል። አንዳንዴ ዱካው ከመንገዱ ወጥቶ ድንጋይ ዙሪያ ይዞራል፤ ከዚያ ይመለሳል። እናቴ እስኪመለስ ቆማ ትጠብቃለች። እኔም እጠብቃለሁ። እዚያ ቆመን የሚያየን ሰው ምን እንደሚል አላውቅም፤ የሆነ ነገር ግን ብሏል ብዬ እገምታለሁ።

ሲስተር ዘርፌ እንደገና መዘነቻት። እግሯን በጣቷ ጫን አድርጋ አየች። እብጠቱ ጎድሏል። ጀርባዋን አዳመጠች። «ጥሩ ነው» አለች። «ሁለተኛው ራቅ ብሎ ነው የሚሰማኝ። እንደዚህ ቀጥሉ።»

ስንወጣ እናቴ አላናገረችኝም። መንገድ ላይ ቆመች።

«ደስ አለህ አይደል?»

«እግርሽ ጎድሏል እኮ እማ።»

«ራቅ ብሏል ስትል ሰምተሃታል? ይሄ ልጅ እግሩ ገና አልጠናም። ባጃጅ በሚሮጥበት መንገድ ላይ ብቻውን ታስኬደዋለህ?»

«እማ፣ ሞቷል።»

«ቢሞትስ? ባጃጅ ባጃጅ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሸራ ጫማዋን አላደረገችም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«አልሄድም» አለች። «አንድ ቀን ይወርድና አይመለስም። ያን ቀን ምን ልሆን ነው?»

«ትድኚያለሽ።»

«ድኜስ? አስቀምጪው ትሉኛላችሁ። ሲስተሯም አንተም። እሺ ላስቀምጠው። የት ላስቀምጠው ደምሰው? አንተ ቦታውን ንገረኝ።»

ቆሜ አሰብኩ። ቤት ውስጥ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ ጠረጴዛ አለ። ቦታ አልነበረም። ለብዙ ቀን አልሄድንም። እግሯ እንደገና ማበጥ ጀመረ። ሰማዩ ላይ የበልግ ደመና ታየ።

በዚህ መሃል ጋሽ ይመርና ወይዘሮ አስካለች መጡ። እናቴን በር ላይ አይተው ወይዘሮ አስካለች እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እሰይ! ከሳሽ! አሁን ነው ሐዘን ያማረብሽ!»

«ዕድሩ ተነጋግሯል» አሉ ጋሽ ይመር። «ከእንግዲህ ለቅሶ መድረስ ትችያለሽ።»

«አልፈልግም ፈቃዳችሁን» አልኩ። «የከሳችው ልጄ ከጀርባዋ እየወረደ ስለሆነ ነው። እናንተ የምታጨበጭቡት ለዚህ ነው። ስትሸከመው ነውር አላችሁ፣ ሲተዋት እልል አላችሁ።»

«ተው ልጄ» አሉ ጋሽ ይመር፤ ትከሻዬን ያዙ። «ገና ወጣት ነህ። ሌላ ትወልዳለህ።»

እጃቸውን ከትከሻዬ አነሳሁ። በሩን ከፈትኩ። ያን በር ራሴ ነኝ የበየድኩት፤ ከባድ ነው፤ ሲዘጋ መንገዱን ሁሉ ያሰማል። ወጡ። ዘጋሁት። ከዚያ ከፍቼ እንደገና ዘጋሁት።

ስዞር ሀረገወይን ከኋላዬ ቆማለች። ይህን ሁሉ ሰምታለች። እኔን አልፋ እናቴ ፊት ቁጢጥ አለች። ከአልጋው ሥር ሸራ ጫማውን አወጣች።

«እትዬ፣ ነገ ከፈረቃ ነፃ ነኝ» አለች። «ይሂዱ። እኔ ከኋላ ሆኜ እጠብቀዋለሁ።»

«ባጃጅ አለ።»

«አውቃለሁ። ከኋላው ነው የምሆነው።»

እናቴ አየቻት። ከዚያ እግሯን ዘረጋችላት።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ወጣን። ከቁርሱ በኋላ ነው፤ እናቴ ምስሯን ጨርሳለች። ባህር ዛፉ ጋ ስንደርስ ቀና አለች። ሀረገወይን ከኋላ ነበረች። መጀመሪያ ድምፅ አልሰማሁም። ስዞር አፏን በእጇ ይዛ መሬቱን ታያለች። ዱካው ከፊቷ መሬቱ ላይ እየታተመ ነበር፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። እሷም ነጠላዋን ሰብስባ እግሯን በእሱ ዱካ ጎን ጎን እያስቀመጠች ተከተለች። አንዱንም አልረገጠችም።

ድልድዩን አለፈ፤ ጀርባዋ ላይ አልወጣም። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ደረስን፤ አልወጣም። የአፈሩ መንገድ አልቆ አስፋልቱ የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ዱካው ቆመ። አስፋልት ላይ ዱካ አይታይም። ከዚያ ወዲያ ቢሄድ አናየውም።

«ና ውጣ» አለች እናቴ፤ ጎንበስ አለችለት። ዱካው ባለበት ተንቀሳቀሰ፤ አልወጣም። እናቴ ቀስ ብላ ቀና አለች። እንደዚያ ቀጥ ብላ ያየኋት ከኅዳር በፊት ነው። ፊቷ ግን ፈርቷል።

ሀረገወይን ፈጥና ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ አለች። «ና የኔ ጌታ። ና፣ እኔ ነኝ።» ዱካው ወደ እሷ ሄደ። ዞራት። ፊት ለፊቷ ቆመ፣ ጉልበቷ ሥር። አቧራው ትንሽ ተነሳ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። የጫማዬ ጫፍ ጋ ሲደርስ ተረከዙ ጠፋ፤ የጣቶቹ ጉድጓድ ብቻ ጠለቀ። በእግሩ ጣት ቆሟል። አንሱኝ ሲል እንደዚያ ነበር የሚቆመው።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ደግሞ አንተ ጋ!» አለች ሀረገወይን።

«ደምሰው፣ ጎንበስ በል» አለች እናቴ።

ሾፌሮቹ ሁሉ እያዩ ነው። እኛ ሰፈር ወንድ ማዘያ አያስርም። ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀምጣል፣ እጁን ይዞ ይሄዳል፤ አያዝልም። ያዘለ ወንድ እድሜውን ሙሉ በዚያ ይጠራል።

«ምን ትጠብቃለህ? እግሩ ደክሞታል እኮ!» አለች እናቴ።

አቧራው ላይ ተንበረከክኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ሸሚዜ ከኋላ ተሳበ። ክብደቱ ወጣ። ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለ። ሀረገወይን ነጠላዋን አውልቃ ሰጠችኝ። በደረቴ ላይ ልቋጥረው ስል እናቴ እጄን መታችው።

«እንደዚህ ነው የሚታሰረው? ብረት መሰለህ? ዝቅ አድርገው። አንገቱን ታንቀዋለህ። ቂጡን ደግፈው፣ እንዲህ።»

ራሷ አሰረችልኝ። ተነሳሁ።

«ደምሰው!» አለ አንዱ ሾፌር። «ምን ነካህ? ባዶ ማዘያ?»

ወደ እሱ ሄድኩ። አፍንጫው ስር ቆምኩ። ጀርባዬን ሰጠሁት። «ንካው» አልኩት። አልነካውም። ሳቁን አቁሞ ባጃጁን አስነሳ። ሌሎቹም ወደ ስልካቸው ዞሩ።

አስፋልቱን ተሻገርን። እናቴ ከፊት ናት፤ ልንደርስባት አልቻልንም። ሀረገወይን ከኋላዬ የነጠላውን ጠርዝ ይዛ ትመጣለች።

«ነገ የኔ ተራ ነው» አለች።

«ነገ ከወረደ።»

«ይወርዳል። አንተ በደንብ ብላና በደንብ ሂድ እንጂ።»

መታጠፊያው ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሌሊት የሞተ ሰው አለ። ወይዘሮ አስካለች መግቢያው ላይ ቆመዋል። እናቴ በአጠገባቸው ስታልፍ «ላቀች፣ እንኳን…» ብለው ጀመሩ። እናቴ አላያቸውም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ወዲያው ድምፅዋን ሰማን። ድንኳኑ ውስጥ ካሉት ድምፆች ሁሉ ከፍ ብሎ የሚሰማው የእሷ ነበር፤ ትንፋሽ አላጠራትም።

እኔ ቤት ደርሼ ሀረገወይን የሰጠችኝን ጎመንና ባቄላ በላሁ። ሥራ ቦታ ሄጄ አንድ መስኮት በየድኩ፤ ብልጭታው ወደ ኋላዬ እንዳይሄድ ቆሜ ሳይሆን ጎንበስ ብዬ። ሰዎች ማዘያውን አዩ። የጠየቀኝ የለም፤ ፊቴን አይተው ይሆናል።

ስንተኛ ሀረገወይን ብርድ ልብሱን አለበሰችኝ። ጀርባዬ ላይ ከፍ ብሎ ቆመ። የልጁ ፊት እንዳይሸፈን ጠርዙን ወደ ታች አጠፈችው። እኔ በሆዴ ተኛሁ።